ጋምቤላ በ8 ኪሎ ሜትር ትቀርባለች

ባለፈው ሰኔ አንድ ማክሰኞ ማታ ታናሽ ወንድሜ ከጋምቤላ ደወለ። ድምፁ ደክሟል። ወባ ይዞት ሆስፒታል ከገባ ሦስተኛ ቀኑ እንደሆነ፣ አሁን ግን ትኩሳቱ እንደበረደለት ነገረን። እናቴ ስልኩን ከጆሮዋ ሳታነሳ ወደ እኔ ዞረችና «ጋምቤላና አዲስ አበባ የትኛው ይርቃል?» አለችኝ።

አዲስ አበባ ለእናቴ የርቀት ሁሉ መለኪያ ነው። ንጋት ላይ ከጅማ መናኸሪያ ትሳፈራለች፣ ጊቤን ትሻገራለች፣ ወልቂጤ ላይ ምሳዋን ትበላለች፣ ፀሐይ ሳትጠልቅ እህቷ ቤት ትደርሳለች። ይህን መንገድ በዕድሜዋ ሙሉ ተመላልሳበታለች። ስለሌላ አገር ስትሰማ «ከአዲስ አበባ ይርቃል?» ብላ ትጠይቃለች፤ መልሱን ሰምታ ነው መሄድ አለመሄዷን የምትወስነው።

እኔ ቀያሽ ነኝ። 22 ዓመት በመንገድ ሥራ ላይ ቆይቻለሁ፤ ርቀት መለካት እንጀራዬ ነው። ያን ማታ ግን ለእናቴ የመለስኩላት «በምን?» ብዬ ነበር። እሷም ጥያቄውን እዚያው ትታ ቡና ልትቆላ ተነሣች፤ ለልጇ ባዶ እጅ እንደማይኬድ ታውቃለች፤ እኔም ነገ ከነገ ወዲያ መንገድ እንደምወጣ ሳትጠይቀኝ ገብቷታል።

ሌሊት እንቅልፍ እምቢ ሲለኝ ወረቀትና የልጄን የትምህርት ቤት ካልኩሌተር ይዤ ወጥ ቤት ጠረጴዛ ላይ ተቀመጥኩ። የጅማው አባ ጅፋር አውሮፕላን ማረፊያ በ7.67 ዲግሪ ሰሜን ኬክሮስና በ36.82 ዲግሪ ምሥራቅ ኬንትሮስ ላይ ይገኛል። የጋምቤላው ደግሞ 8.13 ሰሜን፣ 34.56 ምሥራቅ ነው። በሰሜንና በደቡብ በኩል ያለው ልዩነት 0.46 ዲግሪ ነው። አንድ ዲግሪ ኬክሮስ ወደ 111 ኪሎ ሜትር ስለሚሆን፣ ይህ 51 ኪሎ ሜትር ይመጣል። በምሥራቅና በምዕራብ በኩል ያለው ልዩነት 2.26 ዲግሪ ነው። የኬንትሮስ መስመሮች ወደ ዋልታ በሄዱ ቁጥር እየተቀራረቡ ስለሚሄዱ፣ ይህኛው በ111 ከተባዛ በኋላ በመካከለኛው ኬክሮስ ኮሳይን መባዛት አለበት። ለምድር ወገብ ቅርብ ስለሆንን ኮሳይኑ 0.99 ነው፤ ብዙም አይቀንስም። 248 ኪሎ ሜትር ሆነልኝ። ሁለቱን ቁጥሮች እንደ ማዕዘናዊ ጎነ ሦስት ሁለት ጎኖች ወስጄ ሦስተኛውን ሳወጣ 253 ኪሎ ሜትር አገኘሁ። በማግስቱ በቢሮ ኮምፒውተር ሳመሳክረው 254 ሆነ። የእጅ ሥራዬ በአንድ ኪሎ ሜትር ብቻ ነው የሳተው፤ ይህ እስከ ዛሬ ደስ ይለኛል።

ቀጥዬ የአዲስ አበባውን አወጣሁ። ቦሌ 8.98 ሰሜን፣ 38.80 ምሥራቅ ላይ ነው። ከጅማ 262 ኪሎ ሜትር።

እርሳሴን አስቀምጬ ሁለቱን ቁጥሮች ለረጅም ጊዜ ተመለከትኳቸው። ተወልጄ ያደግሁት እዚሁ ጅማ፣ ሄርማታ ሰፈር ነው። በልጅነቴ ጋምቤላ የሚባለው ስም የሚነሣው ዳር አገርን ለመጥራት ነበር፤ አዲስ አበባ ደግሞ «እዚሁ» ነበረች፤ ሰው ጠዋት ሄዶ በማግስቱ የሚመለስባት። በቀጥታ መስመር ከተለካ ግን ጋምቤላ ለጅማ ከአዲስ አበባ በ8 ኪሎ ሜትር ትቀርባለች። በካርታ ላይ ሥራ ያረጀሁ ሰው ሆኜ ይህን ሳላውቅ መኖሬ አስደነገጠኝ።

ያ ቀጥታ መስመር ከጅማ ተነሥቶ ወደ ምዕራብ፣ ጥቂት ወደ ሰሜን ዘንበል ብሎ ይሄዳል። በገራ ደን አናት ላይ ያልፋል። ከዚያ ማሻን በግራ፣ ጎሬን በቀኝ ትቶ ከደጋው ጫፍ ይወርድና ጋምቤላ ሜዳ ላይ ያርፋል። በዚያ መስመር የሚሄዱት ንብና አሞራ ናቸው። የሰው መንገድ ከጅማ ወደ አጋሮ ይወጣል፣ ዴዴሳን ይሻገራል፣ በደሌ እስኪደርስ ወደ ሰሜን ያቀናል። ከበደሌ በኋላ ነው ፊቱን ወደ ምዕራብ የሚያዞረው፤ በያዩና በመቱ አልፎ ወደ ጎሬ ትንሽ ወደ ደቡብ ይመለሳል፣ ከዚያ ወደ ጋምቤላ ይወርዳል። ጠቅላላው ወደ 420 ኪሎ ሜትር ነው። በቀጥታ መስመር አንድ ኪሎ ሜትር ለመራመድ በመሬት አንድ ኪሎ ሜትር ከ650 ሜትር ትሄዳላችሁ ማለት ነው። የአዲስ አበባው መንገድ ወደ 350 ኪሎ ሜትር ስለሆነ፣ ለአንድ ኪሎ ሜትር የሚጨምረው 340 ሜትር ያህል ብቻ ነው። በቦንጋና በማሻ አድርጎ ጎሬ የሚገባም መንገድ አለ፤ እሱ ከዚህም ይረዝማል።

ሰዎች መንገድ ሲጠማዘዝ ሲያዩ ቀያሹን ይወቅሳሉ። እኔ ደግሞ ይህን መንገድ መጀመሪያ የመረጡትን ሰዎች አከብራለሁ። በምዕራቡ ደጋ ወንዞች ጥልቅ ሸለቆ ቆርጠው ነው የሚሄዱት። ዴዴሳ ወደ ዓባይ፣ ገባና ሶር ወደ ባሮ ይወርዳሉ። በቀጥታ ለመሄድ የፈለገ ሰው እያንዳንዱን ሸለቆ ወርዶ መውጣት፣ በእያንዳንዱም ላይ ድልድይ መሥራት አለበት። ሸንተረሩን ይዞ የሄደ ግን ርቀት ከፍሎ ድልድይ ያተርፋል። የጥንት ሲራራ ነጋዴዎች በቅሎቻቸውን የነዱት በዚያው በከፍታው ላይ ነበር፤ መንገዱም የእነሱን ፈለግ ተከትሏል።

በማግስቱ በአውሮፕላን ለመሄድ ጠየቅሁ። የሚገኘው ትኬት በአዲስ አበባ በኩል የሚዞር ነበር፤ ያም ቢሆን እስከ ሳምንቱ መጨረሻ ከጅማ የሚነሣ ባዶ ወንበር አልነበረም። ሐሙስ ሌሊት 11 ሰዓት መናኸሪያ ደረስኩ።

እናቴ ሁለት ኪሎ የተቆላ ቡና፣ አንድ ጣሳ የገራ ማርና አንድ በርጩማ ሰጥታኛለች። የጅማን በርጩማ የማያውቅ ካለ ልንገረው፤ ከአንድ ግንድ ተፈልፍሎ የሚሠራ፣ መቀመጫው እንደ ሳህን ጎድጎድ ያለ፣ ባለሦስት እግር ነው። ስፌት የለውም፣ ምስማር የለውም። ይህኛው የዋንዛ ነው፤ ወንድሜ ከመታመሙ በፊት «የተከራየሁት ቤት ውስጥ ያለው የፕላስቲክ ወንበር ብቻ ነው» ብሎ ስለነበር ያኔ ያዘዘችለት። ለታመመ ሰው በርጩማ ይዞ መሄድ ምን ይባላል ብዬ ለማስቀረት ሞክሬ ነበር። «ሲድን የት ሊቀመጥ ነው?» አለችኝ። ረዳቱ ተቀብሎ ፖርቶ መጋላው ላይ ሊያወጣው ሲል ዝናቡን ፈርቼ አልሰጥም አልኩ፤ እግሬ ሥር አደረግሁት።

እስከ አጋሮ መንገዱን ስለማውቀው አልቆይበትም። ቡናው ገና አረንጓዴ ፍሬ ነው፤ ጉም እስከ መንገዱ ጠርዝ ወርዷል። ዴዴሳ ድልድይ ላይ ሾፌሩ ፍጥነቱን ሲቀንስ ውሃው ቀይ ሆኖ ሲሄድ አየሁት። በደሌ መኪና መቀየር ነበረብኝ። የሚቀጥለው እስኪሞላ ከሁለት ሰዓት በላይ ጠበቅሁ። ይህን ጊዜ የትኛውም የኪሎ ሜትር ሰንጠረዥ አይመዘግበውም፤ ተሳፋሪ ግን ከሁሉ አስቀድሞ የሚያስታውሰው እሱን ነው።

ከበደሌ እስከ መቱ ባለው መንገድ ላይ ያዩን ስናልፍ ግን መስኮቱን ከፍቼ አንገቴን አወጣሁ። ይህ ደን እ.ኤ.አ. በ2010 በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ሥፍራ ሆኖ ተመዝግቧል፤ ቡና ማንም ሳይተክለው ከትልልቅ ዛፎች ጥላ ሥር በራሱ የሚበቅልበት ነው። ጅማ ውስጥ ቡና ጓሮዬ አለ፤ የሰው እጅ ያልነካው የቡና ጫካ ውስጥ ማለፍ ግን ሌላ ነገር ነው። የእርጥብ አፈርና የበሰበሰ ቅጠል ሽታ መኪናው ውስጥ ገባ። ያዩን ካለፍን በኋላ ለጥቂት ጊዜ ተሳፋሪው ሁሉ ዝም አለ፤ ወይም እኔ የሌላውን ድምፅ መስማት ትቼ ይሆናል።

መቱ ከቀኑ 9 ሰዓት ተኩል ደረስን። በዚያ ሰዓት ወደ ጋምቤላ የሚነሣ መኪና ስላልነበረ ማደር ግድ ሆነ። ያረፍኩበት ሆቴል በረንዳ ላይ አንዲት ወጣት እናት ሦስት ዓመት የሚሆነው ልጇን ታቅፋ ተቀምጣለች። ከጋምቤላ ወደ ጅማ ነው የምትሄደው። የልጁ ሆድ አብጧል፤ እጇ ላይ በፕላስቲክ የተጠቀለለ የሪፈር ወረቀት ይዛለች። የጅማ ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል ከምዕራብና ደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ፣ ከጋምቤላም ጭምር፣ ከባድ ሕመም ያለባቸውን ሰዎች የሚቀበል ነው። ስለዚህ መቱ ላይ እንዲህ ያለ ሰው ማግኘት አዲስ ነገር አይደለም፤ ለእኔ ግን አዲስ ነበር፤ ሁልጊዜ የማያቸው ጅማ ከደረሱ በኋላ ነው።

«እህቴ፣ ጅማ ብዙ ይቀራል?» አለችኝ።

250 ኪሎ ሜትር ልላት አፌን ከፈትኩና ተውኩት። «ነገ ንጋት ላይ ከተነሣሽ፣ በደሌ ላይ ካልቆየሽ፣ ለምሳ ሰዓት ትደርሻለሽ» አልኳት። ልጁን ወደ ሌላው ትከሻዋ አዛወረችው። ከእናቴ ማር ትንሽ በጥብጬ ለልጁ ሰጠሁት፤ ሁለት ማንኪያ ቀመሰ። እናቴ ብትሰማ ጣሳውን በሙሉ ስጪው ባለችኝ ነበር።

አርብ ንጋት ከመቱ ስንነሣ ዝናብ ነበር። ጎሬን በጉም ውስጥ አለፍናት። ጎሬ ዛሬ ጸጥ ያለች ከተማ ናት፤ ነገር ግን ከ1928ቱ ወረራ በኋላ፣ ንጉሠ ነገሥቱ ከአገር ሲወጡ፣ ራስ እምሩና ቢትወደድ ወልደ ጻድቅ የኢትዮጵያን መንግሥት ለተወሰነ ወራት ያቆዩት እዚህ ነው። ለምን ጎሬ ተመረጠች ቢባል አንዱ ምክንያት ይኸው እኔ የምሄድበት መንገድ ነው። ከጎሬ ቁልቁል ጋምቤላ አለ፤ ከጋምቤላ በባሮ ወንዝ ወደ ሱዳን ይኬዳል።

አጠገቤ የተቀመጡት ሽማግሌ የቡሬ ሰው ናቸው፤ የኢሉባቦሩ ቡሬ፣ የጎጃሙ አይደለም። ቀያሽ መሆኔን ሲሰሙ ጨዋታቸው ተከፈተ። አያታቸው ከጎሬ ቡና በበቅሎ ጭነው ጋምቤላ ለማድረስ አምስት ቀን ይፈጅባቸው እንደነበር ነገሩኝ። ሲመለሱ ጨውና አቡጀዲ ይጭናሉ። «ጋምቤላ ያኔ ወደብ ነበረች፤ መርከብ ይጮህባት ነበር ይሉናል» አሉ። እውነታቸውን ነው። አፄ ምኒልክ እ.ኤ.አ. በ1902 ከእንግሊዞች ጋር በተፈራረሙት ውል መሠረት በባሮ ዳር የንግድ ጣቢያ ተከፍቶ፣ ክረምት ወንዙ ሲሞላ የእንፋሎት መርከቦች ከካርቱም እስከ ጋምቤላ ይመጡ ነበር። ጣቢያው ወደ ኢትዮጵያ የተመለሰው ሱዳን ነፃ በወጣችበት እ.ኤ.አ. በ1956 ነው። በእነዚያ ዓመታት ለምዕራቡ አገር ቡና ጋምቤላ የዓለም በር ነበረች፤ ዳር አገር ብሎ የሚጠራት አልነበረም።

ከቡሬ በኋላ መሬቱ ከሥራችሁ ይከዳል። ጎሬ ከባሕር ወለል በላይ ወደ 2,000 ሜትር ላይ ናት፤ ጋምቤላ ወደ 500። አንድ ሺህ አምስት መቶ ሜትር ቁልቁለት ነው የሚጠብቀን። ስልኬ ላይ ያለውን የከፍታ መለኪያ ከፍቼ በርጩማው ላይ አስቀመጥኩት። 1,840 ይላል። መጠምዘዣውን አልፈን 1,790። ጆሮዬ ተደፈነ፣ ምራቄን ስውጥ ተከፈተ። 1,500 ላይ ዝናቡ አቆመ። 1,300 ላይ ሽማግሌው ጋቢያቸውን አወለቁና አጣጥፈው ጉልበታቸው ላይ አደረጉ። ሾፌሩ በዝቅተኛ ማርሽ ነው የሚወርደው፤ የሆነ ቦታ ላይ ግን የፍሬን ሽታ ገባ፤ አንድ ከኋላ የተቀመጠ ልጅ «የተቃጠለ ነገር ይሸታል» ሲል ረዳቱ «ፍሬን ነው፣ ልማዱ ነው» አለው። 900። ዛፎቹ አጠሩ፣ ሣሩ ረዘመ። እኔም ሹራቤን አወለቅሁ። 700 ላይ በመስኮቱ የሚገባው አየር ንፋስ መሆኑ ቀርቶ እንደ ምጣድ ወላፈን ሆነ። ቀያሽ የከፍታ መስመሮችን በወረቀት ላይ ሲያነብ ነው የሚውለው፤ በቆዳዬ ያነበብኳቸው ያን ጠዋት ነው።

ጋምቤላ ከምሳ ሰዓት በፊት ገባሁ። የሁለቱን ቀን የጉዞ ሰዓት ብቻ ስደምረው 11 ሰዓት ሆነ፤ ከበር እስከ በር ግን ከሐሙስ ሌሊት እስከ አርብ ቀትር።

ወንድሜ ከሆስፒታል ወጥቶ ቤቱ ተኝቷል። ከስቷል፤ ጉንጩ ገብቷል። «እታለም፣ በመኪና ነው የመጣሽው?» አለና ወዲያው ዓይኑ በርጩማው ላይ አረፈ። በሦስተኛው ቀን አቅም ሲያገኝ ከማንጎው ዛፍ ሥር አወጣነው። ግቢው በሥርና በድንጋይ ጎርበጥባጣ ነው፤ የፕላስቲኩ ወንበር ሁልጊዜ አንድ እግሩ አየር ላይ ነበር። በርጩማው አንዴ ሲቀመጥ ረጋ። ለዚህ ነው የእኛም የቅየሳ መሣሪያ በሦስት እግር የሚቆመው፤ ሦስት ነጥቦች ምንጊዜም አንድ ገጽ ላይ ያርፋሉ፣ አራተኛው ሲጨመር ነው መንገዳገድ የሚመጣው። የጅማ ጠራቢዎች ይህን ማንም ሳያስተምራቸው አውቀውታል።

ለመመለሻ ትኬት አገኘሁ። የጋምቤላ አውሮፕላን ማረፊያ ከከተማው በስተ ደቡብ፣ በቀጥታ ሲለካ 13 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል፤ የጅማው ግን ከተማው ጫፍ ላይ ስለሆነ በባጃጅ ይደረሳል። ስለ ሁለት አውሮፕላን ማረፊያዎች ርቀት የሚጠይቅ ሰው ይህን መጨመር እንዳይረሳ።

አውሮፕላኑ ባለ ሁለት ፕሮፔለሩ ኪው 400 ነበር፤ ከፍታውን ሲይዝ በሰዓት ከ650 ኪሎ ሜትር በላይ ይበራል። በዚህ ፍጥነት ከጋምቤላ ጅማ፣ መነሣትና ማረፉ ተጨምሮ፣ 40 ደቂቃ አካባቢ ነው። ከጋምቤላ አዲስ አበባ በቀጥታ 476 ኪሎ ሜትር አለ፤ ከአዲስ አበባ ጅማ 262። ድምሩ 738 ኪሎ ሜትር ነው። 254 ኪሎ ሜትር ለመሄድ 738 በረርኩ፤ የመኪናው መንገድ እንኳ ከዚህ በ318 ያጥራል።

ከጋምቤላ ወደ አዲስ አበባ በካርታ ላይ ማስመሪያ ብታስቀምጡ መስመሩ ከመቱና ከበደሌ ጥቂት ኪሎ ሜትር ብቻ ርቆ ያልፋል። ይህን ቀደም ብዬ ስላየሁት በመስኮት ስከታተል ነበር። ደመናው አንድ ቦታ ላይ ተሰንጥቆ አረንጓዴ ሸንተረርና እሱን ተከትሎ የሚጠማዘዝ ቀጭን መንገድ አሳየኝ። በሰዓቴ አሰላሁት፤ በደሌ አካባቢ መሆን አለበት። መኪና ስጠብቅ የዋልኩባት በደሌ። ከዚያ ቦታ የእናቴ ቤት በቀጥታ 100 ኪሎ ሜትር ነው፤ በስተቀኜ፣ ከክንፉ ሥር። አውሮፕላኑ ግን ወደ ምሥራቅ ይዞኝ ሄደ፤ መሄድም አለበት፣ የተሳፈርኩት ወደ አዲስ አበባ ነው። የዚያችን እናት የሪፈር ወረቀት ያስታወስኩት ያኔ ነው። ገንዘቡ ቢኖራትና በአውሮፕላን ብትሄድ ልጇን ይዛ ጅማን በጎን አልፋ፣ ቦሌ ወርዳ፣ ሰዓታት ጠብቃ፣ ወደ ኋላ መመለስ ነበረባት።

ቦሌ ላይ አምስት ሰዓት ጠበቅሁ። ከወንድሜ በር የወጣሁት ጠዋት 2 ሰዓት ነበር፤ እናቴ በር ላይ ስደርስ 12 ሰዓት ሆኗል። ከአሥሩ ሰዓት አየር ላይ የነበርኩት ሁለቱን ብቻ ነው።

በረራ ወደ ዋና ከተማ የሚሰበሰብበትን ምክንያት አውቃለሁ። በየመንገዱ ተሳፋሪ ካልሞላ አውሮፕላን በኪሳራ ይበራል፤ ሁሉንም አንድ ቦታ አምጥቶ ማከፋፈል ወንበር ይሞላል። ስሌቱ ትክክል ነው። ግን ከእኛ በፊት የነበሩት ሰዎች በዲሲ 3፣ በኋላም በትዊን ኦተር ወደ ጎሬና ወደ ቴፒ ይበሩ ነበር፤ በሣር ሜዳ ላይ እያረፉ። ዛሬ ጅማም ጋምቤላም ከዚያ የተሻለ አውሮፕላን ማረፊያ አላቸው። በሳምንት ሁለት ቀን፣ ትንሽ አውሮፕላን፣ 254 ኪሎ ሜትር። ሕሙማን አሉ፣ ተማሪዎች አሉ፣ ቡናና ዓሣ የሚነግዱ አሉ። ይህን የምጽፈው የሚወስን ሰው አንብቦት ቁጥሩን እንደ እኔ በወረቀት ላይ እንዲያወጣው ነው።

እናቴ ሻንጣዬን ተቀብላ፣ ስለ ልጇ ጉንጭና ስለ ምግብ ፍላጎቱ ጠይቃ ከጨረሰች በኋላ ቡናውን እየቀዳች «ያን ቀን የጠየቅሁሽን አልመለስሽልኝም» አለችኝ። «የትኛው ይርቃል?»

«ጋምቤላ በ8 ኪሎ ሜትር ትቀርባለች» አልኳት።

ጀበናውን ይዛ ትንሽ ቆመች።

«እንግዲያው በዚያ በኩል የሚሄድ ሰው ስታገኚ ንገሪኝ» አለች። «ሁለተኛውን በርጩማ አዝዣለሁ። እንግዳ ሲመጣበት ልጄ ቆሞ ሊያስተናግድ አይገባም።»